«ቦዬ» የድንች ዓይነት ነውን?

በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ከሚታዩት ጉድለቶች አንዱ፥ ያልተለመደን ተክል በታወቀ ተክል ስም ፈትቶ ማለፍ ነው። ለዚህም ቦዬን በምሳሌነት እናቀርባለን። ቦዬ፥ በአንዳንድ አካባቢም ቦይና፥ በወላይታ፥ በጋሞና በሌሎችም የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ለምግብ የሚተከል ሐረግ ነው። በእንግሊዝኛ «ያም» ይባላል። ይህ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን አንድ ጊዜ «ስኳር ድንች»፥ ሌላ ጊዜ «ጎደሬ»፥ ሲከፋም «የድንች ዓይነት» እየተባለ ይታለፋል።

ስሕተቱ መነሻ አለው። በአሜሪካ ስኳር ድንችም በልማድ «ያም» ይባላል። በቋንቋችንም «ድንች» ሰፊ ቃል ሆኗል፤ ድንች የቲማቲም፥ የወላይታ ድንች የበሶብላ ቤተሰብ ሲሆን፥ ስኳር ድንች ከሁለቱም የተለየ ነው። ሕዝቡ አበሳሰሉንና አበላሉን አይቶ በአንድ ስም ቢጠራቸው አይነቀፍም፤ ፍች ሰጪው ግን ልዩነቱን ማሳየት ግዴታው ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ቦዬ የሚመደብበት ወገን፥ በግሪካዊው ሐኪም በዲዮስቆሪዶስ ስም ዲዮስኮሪያ የተባለው፥ 600 ያህል ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ፥ ዲዮስኮሪያ ዱሜቶረም የተባለው ባለ ሦስት ቅጠል ሐረግ፥ በዱር ሲበቅል መርዛማ ሊሆን ስለሚችል፥ በችግር ጊዜ የሚበላው ተዘፍዝፎና በሚገባ ተቀቅሎ ነው። «የድንች ዓይነት» የሚለው ፍች ይህን አደጋ ይሸፍነዋል።

«መድኃኒትነት አለው» ብሎ ማለፍም እንዲሁ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ራስል ማርከር የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን የሠራው በሜክሲኮ ከሚበቅሉ የዱር ዝርያዎች ከሚገኝ ንጥረ ነገር እንጂ ለገበታ ከሚቀርበው ቦዬ አልነበረም። የአንዱን ዝርያ ጠባይ ለወገኑ ሁሉ መስጠት አንባቢን ማሳሳት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ፍች እናቀርባለን፦

ቦዬ (ስም)፦ በድጋፍ እንጨት ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ፥ በምድር ውስጥ የሚወፍረው አካሉ ተቀቅሎ የሚበላ የዲዮስኮሪያ ወገን ሐረግ። ከድንች፥ ከስኳር ድንችና ከጎደሬ የተለየ ነው። የዱር ዘመዶቹ መርዛማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፍቹ ከተለመደው ይረዝማል። ይሁን እንጂ የሚበላውን ከማይበላው ለይቶ የማያሳይ አጭር ፍች፥ ቦታ ቆጠበ እንጂ ትርጉም ሰጠ አንለውም።