ቂሎ፣ ሞኝ፣ የዋህ

አንድ ትንሽ ልጅ የጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ተጫምቶ እየተንገዳገደ ከቤት ይወጣል። በእንግሊዝኛው የልጆች መጽሐፍ አያቱ ታየውና «ሲሊ ቦይ!» ትለዋለች። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ሞኝ፣ ጅል፣ ቂል ተደርድረው ይጠብቁታል። «አንተ ሞኝ ልጅ!» ብሎ ይጽፋል። በቃሉ ማንም ስህተት አያወጣበትም፤ አያትየዋ ግን ከገጹ ላይ ጠፍታለች።

ሐይቅ ከተማ ያለች አያት እንዲህ አትልም። በርከክ ብላ ጫማውን እያወለቀች «አይ የኔ ቂሎ! ና እስቲ አባቴ፣ ወዲህ በል» ትላለች። ቂል ብቻውን ስድብ ነው። መጨረሻው ላይ «ኦ» ሲጨመርበትና ከፊቱ «የኔ» ሲገባ ማባበያ ይሆናል። ለዚህ ሙያ የሚያስፈልገው ጆሮ እዚህች አንዲት ፊደል ላይ ይፈተናል።

እንግሊዝኛው ቃል ብዙ ቦታ ይገባል። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ጥያቄዬ «ሲሊ» ነው የሚል ሰው ራሱን እየሰደበ አይደለም፤ በአማርኛ «የልጅ ጥያቄ እንዳይሆንብኝ እንጂ» ብሎ የሚጀምረው ሰው ነው። 2 እና 3 ደምሮ 6 የጻፈ ተማሪም «ሲሊ» ስህተት ሠራ ይባላል፤ የእኛ አስተማሪ የችኮላ ስህተት ይለዋል። በክሪኬት ጨዋታ መቺው አፍንጫ ሥር ሊባል በሚችል ቅርበት የሚቆም ተጫዋች ቦታው «ሲሊ» ይባላል፤ ኳሷ ፊቱን ልታገኘው ትችላለችና። በሦስቱም ቦታ ሞኝ የሚለውን ቃል ማስገባት ነገሩን ያበላሻል።

ሞኝ በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ሲባል ዛፉ የተቆረጠበት ሰውዬ ይታያል፤ ደግነቱን ወይም ዝምታውን አይተው በገዛ ደጃፉ የደፈሩት ሰው። የእንግሊዝኛው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የአፍታ ድርጊትን ይነካና ያልፋል፤ ሞኝ ግን ሰውየው ላይ ይለጠፋል፣ ስሙም ይሆናል።

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ ደስተኛ፣ የተባረከ፣ ማለትም ብፁዕ ነበር። ከዚያ ክፉ የማያውቅ ንጹሕ ሰው፣ ከዚያ የሚታዘንለት ምስኪን፣ ከዚያ ደካማ፣ በመጨረሻም ቂል ሆነ። አማርኛ ብፁዕን ለጳጳሳት አክብሮ አስቀምጦታል፤ ከጎኑ የነበረው የዋህ ግን ቁልቁል ጉዞ ጀምሯል። በግዕዙ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ብፁዓን የተባሉት፣ ምድርን የሚወርሱት፣ የዋሃን ናቸው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ በስማቸው የሚጠራ የአራቱ ወንጌላት ብራና አላቸው፤ በእሳቸው ዘመን የዋህ መባል ምስጋና ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ «እሱ እኮ የዋህ ነው» ሲባል ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ «ይታለላል» ማለት ነው። ሰነፍም እንዲሁ ተንሸራቷል። መብራት ይዘው ዘይት ያልያዙት አምስት ደናግል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሰነፎች የተባሉት የልባሞች ተቃራኒ ሆነው ነው፤ የዛሬ ልጅ ግን ሥራ የጠሉ ሴቶች ይመስሉታል።

አንድ ቃል ይህን ያህል ያለፋል ወይ የሚል ሰው ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አምባሰል ወረዳ ይድረስ፤ ውጫሌ እዚያ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው መቻሉ ግዴታ ሆነ፤ ሮም በዚያ ግስ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ጠቡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። በእርግጥ ለጦርነቱ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ የመሬትና የሥልጣን ፍላጎት ያለ ሰዋስውም ይዋጋል። ቢሆንም የአምባሰል ተርጓሚ ግስ ሲመርጥ ውጫሌን ማሰቡ ያስከብረዋል።

የልጆች መጽሐፍ ጦርነት አያስነሳም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ አያቱ ሰደበችኝ ብሎ የሚያስብ ልጅ ያፈራል። ስለዚህ ረቂቁን ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፣ ቢቻል እንግሊዝኛ ለማታውቅ አንዲት እናት። ፊቷ ከተኮሳተረ ቃሉ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚተካውም ሌላ ቅጽል ሳይሆን አያትየዋ የምታደርገው ነገር ነው። ጫማውን ታወልቃለች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ «እስቲ ግራህ የቱ ነው?» ትለዋለች። ልጁ ሁለቱንም እግሮቹን ይዘረጋላታል።