ቀይ ጽጌረዳ ምን ዓይነት ግራጫ ናት?

ቀይ ጽጌረዳን ከነአረንጓዴ ቅጠሏ ያነሣ ሰው ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለመቀየር መጀመሪያ የሚቀናው ቀለሙን ባንድ ጊዜ ማጥፋት ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ አያስደስትም። ዓይን ትስብ የነበረችው አበባ ከቅጠሉ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ትሆንና የት ጀምራ የት እንዳበቃች መለየት ያስቸግራል። ካሜራው አልተሳሳተም፤ ብርሃንም አልጎደለም። አበባና ቅጠልን ይለያቸው የነበረው ቀለም ብቻ ስለነበር እሱ ሲሄድ ልዩነታቸውም አብሮ ሄደ።

የባለሙያው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለቀለም ዲጂታል ፎቶ በውስጡ ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች አሉት፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቻናል። ለቴሌቪዥን ተብሎ የወጣው፣ ዛሬም ብዙ ሶፍትዌር የሚገለገልበት ቀመር ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ያህል ወስዶ ያዋህዳቸዋል። ቀመሩ የሰው ዓይን ለየቀለሙ ያለውን ስሜት የተከተለ ነው፤ ስለ አበባ የሚያውቀው ነገር የለም። በፎቶሾፕ ቻናል ሚክሰር ድርሻውን ራሱ የሚወስን ሰው ቀዩን ቻናል ብቻ ቢወስድ ጽጌረዳዋ ትነጣለች፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። አረንጓዴውን ቢወስድ ጽጌረዳዋ ትጠቁርና ቅጠሉ ከበስተኋላዋ ይፈካል። ሁለቱም ከአንድ ፋይል የወጡ ናቸው። አንዱን እውነተኛ፣ ሌላውን የተነካካ ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ፣ ቀመሩንም ቢሆን ያወጣው ሰው መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ውሳኔው ከኮምፒውተር ጋር የመጣም አይደለም። የቀድሞዎቹ የፎቶ መስታወቶች ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቢጫንና ቀይን እምብዛም አይቀበሉም ነበር፤ ስለዚህ ቢጫ አበባ በፎቶ ላይ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ፎግል የመስታወቱን ቅብ በማቅለሚያ በማከም አረንጓዴን ጭምር እንዲቀበል ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ቀይን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም የሚቀበል መስታወት በእንግሊዝ ለገበያ የቀረበው ግን በ1906 ነው። ፎቶ አንሺው ሌንሱ ፊት ቀይ ፊልተር ገጥሞ ቀይ አበባን ማፍካት፣ አረንጓዴ ፊልተር ገጥሞ ማጥቆር የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። የዛሬው ቻናል ሚክሰር የዚያ ፊልተር ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ምርጫው ከማንሣት በፊት መሆኑ ቀርቶ ቤት ተገብቶ መደረጉ ነው።

ስለ አበባና ጥቁርና ነጭ ሲነሣ አሜሪካዊቷን ኢሞጀን ከኒንግሃምን መዝለል አይቻልም። በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስታጠና ለዕፅዋት ትምህርት ክፍሉ ፎቶ እያነሣች የትምህርት ወጪዋን ትደጉም ነበር። በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆች እያሳደገች፣ ከቤት ብዙ መራቅ ስላልቻለች ሌንሷን ወደ ጓሮዋ አዞረች። በ1925 ያነሣችው የማግኖሊያ አበባ ፍሬሙን ሞልቶ፣ መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። አበባው ነጭ ነው። ቀለም ያልነበረው አበባ ቀለም በማጣቱ የሚከስረው ነገር የለም፤ ሥራውን ሁሉ የሠሩት ጥላና እጥፋት ናቸው። ለጀማሪ ከማንኛውም የሶፍትዌር ትምህርት በፊት ይህን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ማየት ይሻለዋል። በቀለሙ ብቻ የሚያምር አበባ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጠርዙ የሚጠማዘዝ፣ ቅርጹ ጥላ የሚጥል አበባ ግን ደብዛዛ ቢሆንም ይሆናል።

በርሊን ላይ ሥነ ጥበብ ያስተምር የነበረው ካርል ብሎስፌልት በ1928 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ዕፅዋትን እስከ 30 እጥፍ አጉልቶ ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው፦ ባዶ ዳራ፣ ለስላሳ ብርሃን፣ ሌላ ምንም።

አሁን ወደ መስከረም እንምጣ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ አደይ አበባን ከታች ወደ ላይ ያነሣ ሰው ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመች ፋይል ይዞ ይገባል፤ ቢጫና ሰማያዊ ተቃራኒ ናቸውና። ቀዩ ቻናል ሲመረጥ አበባው ይነጣል፣ ሰማዩ ሊጨልም ይቃረባል። ሰማያዊው ሲመረጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ንጹሕ ቢጫ በሰማያዊ ቻናል ላይ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላልና አደዩ ጠቁሮ ከፈካ ሰማይ ፊት ይቆማል። የመጀመሪያው ማንንም ያስደስታል። ሁለተኛው የእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ ቢታተም ተቀባዩ ሊቀየም ይችላል፤ ለኤግዚቢሽን ግድግዳ ግን እሱ ይመረጣል።

ሰማያዊው ቻናል ዋጋ ያስከፍላል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ላይ ከፒክሰሎቹ ግማሹ ለአረንጓዴ፣ ሩቡ ለቀይ፣ ሩቡ ብቻ ለሰማያዊ የተመደበ ነው፤ ስለዚህ ይህ ቻናል ቶሎ ይሻክራል። ስላይደሩ ከልክ በላይ ሲገፋ ደግሞ በአበባው ጠርዝ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል። በጄፔግ ፋይል ላይ ጉዳቱ ስለሚብስ አስቀድሞ በራው ማንሣት ይሻላል። ላይትሩም ላይ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ፦ ቅጠል ለማጨለም የአረንጓዴውን ስላይደር ይጎትቱና ብዙም ለውጥ አያዩም፤ የአብዛኛው ቅጠል ቀለም ወደ ቢጫ ያደላ በመሆኑ ለውጡ ያለው በቢጫው ስላይደር ላይ ነው። ቀይ አበባ ሲነሣ ደግሞ ጥንቃቄው ገና ካሜራው ላይ ይጀምራል። አጠቃላዩ ሂስቶግራም ደህና እየመሰለ ቀዩ ቻናል ለብቻው ሊቃጠል ይችላል፤ ከተቃጠለ ጽጌረዳዋ እጥፋት የሌላት ነጭ ነጠብጣብ ሆና ትቀራለች። የሦስቱን ቻናል ሂስቶግራም ለየብቻ ማየትና ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ከዚህ ያድናል።

የመጨረሻው ፈተና ወረቀቱ ነው። ማት ወረቀት የሚያብረቀርቀውን ያህል ጥልቅ ጥቁር አይሰጥም፤ ለማት የሚታተም ጥቁር ጽጌረዳ ካለ ጥላዎቹ በፋይሉ ላይ ትንሽ ከፍ ይደረጋሉ፣ ከዚያም ትንሽ ቁራጭ ታትሞ በቀን ብርሃን ይታያል።