ጨረቃዋ ስንት ሰዓት ትወጣለች?

በባሕር ዳርቻ የሚያጠምድ ሰው ጨረቃን የሚከታተለው በአብዛኛው ለውሃው ሙላትና ጉድለት ሲል ነው። ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሰለፉ፣ ማለትም ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን፣ ባሕሩ አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይሸሻል፤ ዓሣውም ምግቡን ተከትሎ ወደ ዳር ይጠጋል። እኔ የማጠምድበት ሐዋሳ ሐይቅ ግን ለዚህ ትንሽ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ቢበዛ 20 ሜትርን ጥቂት የሚያልፍ ውሃ በጨረቃ ስበት ለዓይን በሚታይ መጠን ከፍ ዝቅ አይልም። እዚህ ጨረቃ ዓሣውን የምትነካው በብርሃኗ ነው። ለባሕር ተብለው የተሠሩ የስልክ ሰንጠረዦችን ይዞ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ጓደኛ ሳይ ይህንን ሳልነግረው አላልፍም።

ብርሃኗን ለማስላት አገራችን ይመቻል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሳምንቱ ደግሞ እኩለ ሌሊት አካባቢ ብቅ ትላለች። በማደግ ላይ ያለችው ግን ምሽቱን አብርታ ትጠልቅና የቀረውን ሌሊት ለጨለማ ትተዋለች። እኔ የምወደው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ያለውን ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ምሽት ነው። እንደመሸ ጥቂት ሰዓት ድፍን ጨለማ አገኛለሁ፤ ጨረቃዋ ስትወጣ ደግሞ መንገዴን እያየሁ እመለሳለሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውሃው የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ በተለይ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል።

ጨለማውን የምፈልገው ለአምባዛ ነው። ቆሮሶ የቀን ዓሣ ነው፤ ሌሊት መንጠቆ ይዞ እሱን መጠበቅ ልፋት ብቻ ነው። አምባዛ ግን ዓይኑ ትንሽ ነው፣ የሚመራው በማሽተትና በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጥንድ ጢሞቹ ነው። በጨለማ እስከ ዳር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ይገባል። ማባበያዬ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶ ሲበለት የሚጣለው አንጀት ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳይቀድሙኝ መድረስ አለብኝ። እርሳሱን ካሳረፍኩ በኋላ ክሩን በሌባ ጣቴ ላይ አሳልፌ እይዘዋለሁ። መጀመሪያ የሚሰማው መነካካት ነው፣ ጢሙ ምግቡን ሲዳብስ። በዚህ ጊዜ የሳበ ሰው ባዶ መንጠቆ ነው የሚያወጣው። ቀጥሎ ክሩ ላላ ይላል፣ ከዚያ ሳይቸኩል ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው መሳብ። ስታወጣው ከጎኑ ያሉትን ሁለት እሾሆች ተጠንቀቅ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው።

ዘግይታ በምትወጣው ጨረቃ ላይ ያለኝን እምነት ያጠናከረልኝ ከሞዛምቢክ የተገኘ ጥናት ነው። ፖላንዳዊው ተመራማሪ ማቼይ ግሊቪች በ1986 እ.ኤ.አ. በካሆራ ባሳ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያየውን አሳትሟል። በውሃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ቀን ቀን ዓሣ እንዳይበላቸው ጥልቁ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሙሉ ጨረቃ ባለፈች ሰሞን ጨለማውን አምነው ከወጡ በኋላ ጨረቃ ትወጣባቸዋለች፤ ትንንሾቹ ሰርዲኖች በብርሃኗ እያዩ ይለቅሟቸዋል። በየወሩ በዚያ ሰሞን የጥቃቅኖቹ እንስሳት ቁጥር ያሽቆለቁላል። የሐዋሳ ዓሣ ሌላ ነውና ውጤቱን እንዳለ ወደዚህ አላመጣውም። ነገር ግን ብርሃን በሚለዋወጥበት ሰዓት ትንሹም ትልቁም ዓሣ እንደሚንቀሳቀስ በክሬ ላይ ይሰማኛል፤ ጨረቃዋ ከምሥራቁ ተራራ በላይ ብቅ ከማለቷ በፊትና ወዲያው በኋላ ያለውን ጊዜ ሻይ በማፍላት አላሳልፈውም።

ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊትም ቢሆን ቤት መቅረት ግድ አይደለም፣ የመቀመጫ ጉዳይ ነው። ከተማው ያለው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ጨረቃ ስትወጣ ከጀርባችን ትሆናለች፤ በዳሩ ላይ የቆመ ሰው ጥላው ረዝሞ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ እጁን ባነሳ ቁጥርም ጥላው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እጥላለሁ፤ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ጥላዬ ወደ ኋላዬ ይዞራል። የመንገድ መብራት በሚደርስበት ቦታ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም፣ እዚያ ሁልጊዜ ጨረቃ ነው። መንጠቆ ላይ ምግብ ሳስር ባትሪዬን ለሐይቁ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማበራው።

የጨረቃን ዕድሜ ቀና ብለው ከማየት ይልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት፣ ከባሕረ ሐሳብ ሠርቀ ሌሊት፣ የሚቆጥሩ አጥማጆች አሉ። ስሌቱ ለበዓላት የተሠራና የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም የተመሠረተበት የ19 ዓመት ዑደት በየሦስት መቶ ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ከሰማይዋ ጨረቃ ስለሚለይ፣ ዛሬ አራት አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ለመንጠቆ አራት ቀን ብዙ ነው። ቀና ብሎ ማየት ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ጨረቃን መቁጠር አቆማለሁ። ደመናው ሙሉዋንም ጎዶሎዋንም አንድ ያደርጋቸዋል። ከከባድ ዝናብ በኋላ አምባዛ ሊራባ ውሃ ወደተኛበት ሣር ይወጣል፤ እነዚያን ሌሊቶች ለእሱ እተውለታለሁ፣ ሌሎችም እንዲተዉለት እለምናለሁ። መንጠቆዬን የማወጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በጥቅምት ነው።