ብዕሩን ማን ሠራው?

ስለ አሮጌ ዕቃ ስናወራ አንድ ልማድ አለን፤ የማን እንደነበር እንጠይቃለን፣ ማን እንደሠራው ግን አንጠይቅም። ጎራዴው የእገሌ ነው፣ ሰዓቱ የእገሌ ነው፣ በቃ። ከባለቤቱ ጋር የሚመጣው ታሪክ ስለሚጣፍጥ ዕቃውን ራሱን ለማየት ጊዜ የለንም።

የእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት አክስቴ ዘንድ "የጣሊያኑ ብዕር" የሚባል የቀለም ብዕር አለ። ታሪኩ አጭር ነው፦ ጣሊያን ደሴን ለቆ ሲወጣ አንድ መኮንን ብዕሩን ጥሎ ሄደ፣ ቅድመ አያቴ አነሱት። ጠላት አለ፣ ሽሽት አለ፣ ምርኮ አለ፤ ምን ይጎድለዋል? እኔ ግን ይህን ተረክ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ መሄስ ይቻላል ባይ ነኝ። ማስረጃው ደግሞ ብዕሩ ላይ አለ።

የክዳኑ ማንጠልጠያ የቀስት ቅርጽ አለው፤ ክዳኑ ላይ "ፓርከር 51" ይላል። የወርቁ ጫፍ ከሽፋኑ ሥር ጥቂት ብቻ ብቅ ብሏል። ፓርከር በ1888 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ጄንስቪል በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። "51" የሚለው ስም የኩባንያውን 51ኛ ዓመት ያስታውሳል። ብዕሩ ለገበያ የቀረበው ግን በ1941 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928፣ ተሸንፎ ከተማዋን ያጣው ሚያዝያ 1933 ዓ.ም.። እንግዲህ መኮንኑ በጦርነት መሀል፣ በዚያው ዓመት ገበያ የወጣ የአሜሪካ ብዕር ደሴ ላይ ኪሱ ከትቶ ነበር ልንል ነው? ይከብዳል።

"ክዳኑ ከሌላ ብዕር መጥቶ ቢሆንስ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሮጌ ብዕር ክዳንም ጫፍም ይቀያየራል። ብዙ ጫፎች ላይ የሚታተመው "ዋራንትድ 14" የሚል ጽሑፍም የወርቁን ጥራት እንጂ የሠሪውን ስም አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው መነበብ አለበት። የተሸፈነው ጫፍም ብቻውን አይበቃም፤ የቻይናው "ሂሮ" ይህንኑ ቅርጽ ቀድቷል። ግን ቅጂ ቢሆን እንኳ ከዋናው በኋላ የመጣ ነው። መኮንኑ በሁለቱም መንገድ ይረታል።

ደግሞስ "ፓርከር" ማለት ሠሪው ማለት ነው? በድሮው የብራና ሥራ ጸሐፊው መቃውን ራሱ ቀርጾ ይጽፍበት ነበር፤ ሠሪውና ጸሐፊው አንድ ሰው ናቸው። ፋብሪካ ሁለቱን ለያያቸው። ክዳኑ ላይ ያለው ስም የኩባንያው ነው፤ ወርቁን ያሞረዱት እጆች ስም የላቸውም። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ምልክትም የፋብሪካውን ስም እንጂ ማሽኑ ላይ የቆመችውን ሴት ስም አይነግረንም።

ታዲያ ታሪኩ ወደቀ ብለን እንዘን? እኔ አላዝንም። መኮንኑ ገለል ሲል ሌላ ሰው ይታያል፦ ከነጻነት በኋላ ይህን ብዕር ገዝቶም ሆነ በስጦታ አግኝቶ የያዘ፣ የሚጽፍበት የወሎ ሰው። የቤተሰቤ ተረክ ይህን ሰው የወደቀ ዕቃ አንሺ አድርጎት ነበር። ምርኮ ከግዢ ይልቅ ጀግና ስለሚያስመስል ይመስለኛል። ለእኔ ግን የሚጽፈው ሰው ይበልጥብኛል።

ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ ነገ ገበያ ላይ ቢታይ "አንድ አሮጌ ብዕር" የሚል መዝገብ ማንንም አያሳምንም፤ የሠሪ ስም፣ ርዝመት፣ ጭረት፣ ፎቶ ግን ያሳምናል። እናንተም ቤት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይጠፋም። አውጡት፣ ለኩት፣ የተቀረጸበትን ፊደል ሳይቀር ገልብጡ። የአያቶቻችሁንም ታሪክ አብራችሁ ጻፉ፤ ግን በሌላ መስመር።