የውሰት ቃላት ዝርዝር የማይመልሰው ጥያቄ፦ ስለ ቆጵሮስ ቱርክኛ

የቋንቋዎችን መነካካት በውሰት ቃላት ብዛት መለካት የቆየ ልማድ ነው። የቆጵሮስ ቱርክኛ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል። ኦስማኖች ደሴቲቱን እ.ኤ.አ. በ1571 ከያዙ ወዲህ፣ ከአናቶልያ የሄዱት ሰፋሪዎች ከግሪክኛ ተናጋሪዎች ጋር ተጎራብተው ኖረዋል። እንደ «ጋቢራ» (የተጠበሰ ዳቦ) ያሉት ውሰቶች በቀላሉ ይለቀማሉ፤ ዋናው ለውጥ ግን በዐረፍተ ነገሩ አገነባብ ላይ ነው።

መደበኛው ቱርክኛ «ጊትሜክ ኢስቲዮሩም» ይላል፤ ልክ እንደ አማርኛው «መሄድ እፈልጋለሁ» ነው። ቆጵሮሳዊው ግን «ኢስቴሪም ጊዴዪም»፣ ማለት «እፈልጋለሁ ልሂድ» ይላል። ዋናው ግስ ቀድሟል፤ በአርእስቱም ፈንታ ዘንድ አንቀጽ ገብቷል። የግሪክኛው «ቴሎ ና ፓኦ» አሠራር ይኸው ነው። እንዲሁም «ጌልዲን ሚ?» (መጣህ ወይ?) በማለት ፈንታ ጠያቂውን «ሚ» ትቶ በቅላጼ ብቻ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይሳሳታሉ። አንደኛው ቀበልኛውን «የተበላሸ ቱርክኛ» ይለዋል፤ ሥርዓት ያለው አነጋገር ግን ብልሽት አይባልም። ሁለተኛው ልዩነቱን ሁሉ ለግሪክኛ ይሰጣል። «ካፒ»ን (በር) «ጋፒ»፣ «ታሽ»ን (ድንጋይ) «ዳሽ» ማለት ግን በአናቶልያ ቀበልኛዎችም አለ። ያለ «ሚ» መጠየቅና በዘንድ አንቀጽ መናገር ደግሞ ከፋርስኛ ጋር ለዘመናት በተጎራበተው አዘርባጃንኛ ይገኛል። ስለዚህ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሰፋሪዎቹ የቀድሞ አነጋገርና የሁለት ቋንቋ ተናጋሪነታቸው ታሪክ አብሮ መመርመር አለበት።

የቱርክ ቋንቋ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 በ12 ጥራዞች ያሳተመው የሕዝብ አነጋገር መዝገበ ቃላት ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ቃልን፣ ትርጉምንና ቦታን የሚመዘግብ ሥራ «ኢስቴሪም ጊዴዪም»ን የሚያስገባበት ስፍራ የለውም፤ ቃላቱ ሁለቱም የታወቁ ቱርክኛ ናቸውና።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ደሴቲቱ ከተከፈለች ወዲህ ሁለቱን ቋንቋዎች በጉርብትና የተማረው ትውልድ እየመነመነ ነው፤ ትምህርት ቤቱና ቴሌቪዥኑም ወጣቱን ወደ መደበኛው ይስቡታል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከቃሉ ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገሩን፣ ከተቻለም ቅላጼውን ይመዝግቡ። ተርጓሚዎችም የቆጵሮሳዊን ንግግር በተሰባበረ አማርኛ ከመመለስ ይቆጠቡ፤ ተናጋሪው የራሱን ሰዋስው አልሳተምና።