የሮሙ ሲንኬት

ሲንኬት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሮም ውስጥ የተሠራ ሲንተሳይዘር ነው። የሠራው የፊልም ድምፅ ባለሙያው ፓኦሎ ኬቶፍ ሲሆን፣ የታሰበውም በከተማዋ ላለው የአሜሪካ አካዳሚ ስቱዲዮ ነበር። በዚያ ዘመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚዘጋጀው በአብዛኛው የቴፕ ክር እየተቆረጠና እየተቀጠለ ነበር፤ በአድማጭ ፊት የሚጫወተው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኢተን ግን ሲንኬትን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ።

የመሣሪያው ትልቁ ውበት ያለው ቁልፎቹ ላይ ነው። ሦስት ትንንሽ ኪቦርዶች አሉት። ቁልፉ የጣትን ኃይል ይለያል፤ ወደ ጎን ሲገፋም ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልክ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እንደሚያንሸራትተው። ይህ ባይኖር ኖሮ ሲንኬት ድምፅ የሚያመነጭ ሣጥን ብቻ በሆነ ነበር።

ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ሚዲ የተሰኘ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች መገናኛ ሥርዓት ኪቦርድን ከቤት ኮምፒውተር ጋር አገናኘ። የጣትን ኃይል በቁጥር ያስተላልፋል፤ ድምፅን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የማጠፍ ትእዛዝ ግን በአንድ ቻናል ያሉትን ኖታዎች በሙሉ አንድ ላይ ያጥፋል። እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻው ማጠፍ የሚያስችለው ኤምፒኢ የተሰኘ የሚዲ ደንብ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለቤት ኮምፒውተር ኪቦርድና የሲንተሳይዘር ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው፣ በተለይ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለመጫወት ካሰበ፣ ከድምፆቹ ብዛት በፊት ሁለቱም ይህን ደንብ መቀበላቸውን ይመልከት።