የ«ቫኒቲ ፌር» የውሃ ቀለም ካሪካቸሮች

ቶማስ ጊብሰን ቦውልስ በ1868 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያቋቋመው ሳምንታዊ መጽሔት «ቫኒቲ ፌር» ዝናን ያተረፈው በባለቀለም ካሪካቸሮቹ (የሰውን መልክ አጋንነው በሚያፌዙ ሥዕሎቹ) ነው። በ1869 መጀመሪያ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ ተሣለ፤ በሳምንቱም ተቀናቃኙ ግላድስተን ተከተለ። የሁለቱም ሠዓሊ ጣሊያናዊው ካርሎ ፔሌግሪኒ ሲሆን፣ ኋላ የታወቀው «ኤፕ» (ዝንጀሮ) በተባለ የብዕር ስሙ ነው።

ቀደም ሲል እነ ጄምስ ጊልሬይ የሠሯቸው የፌዝ ሥዕሎች በሰው፣ በዕቃና በጽሑፍ የተጨናነቁ ነበሩ። ፔሌግሪኒ ይህን ሁሉ ትቶ አንድን ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ብቻውን አቆመው። ስለ ሰውየው የሚናገሩት አቋቋሙ፣ የትከሻው ጉብጠትና አለባበሱ ብቻ ሆኑ።

የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል የሚያልቀው ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት ነው። ከ1873 ጀምሮ «ስፓይ» (ሰላይ) እያለ ይፈርም የነበረው ሌስሊ ዋርድ፣ ሰዎቹን በፓርላማ፣ በፍርድ ቤትና በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ካጠና በኋላ ከትዝታው ይሥል ነበር። ትዝታ እንደ ወንፊት ነው፤ ጥቃቅኑን አሳልፎ ጎላ ያለውን ያስቀራል። የውሃ ቀለም ደግሞ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ ለማረም ስለሚያስቸግር፣ ምኑ እንደሚጋነን አስቀድሞ መቆረጥ አለበት።

ያለቀው ሥዕል ቪንሰንት ብሩክስ፣ ዴይ ኤንድ ሰን ወደተባለው ማተሚያ ቤት ይላክ ነበር። ባለሙያዎቹ ለየቀለሙ የተለየ የማተሚያ ድንጋይ አዘጋጅተው፣ ቀለማቱን በአንድ ወረቀት ላይ ደራርበው ያትሙ ነበር። ድንጋዮቹ በትክክል ካልገጠሙ የፊቱ መስመር ይደበዝዝ፣ ፌዙም አብሮ ይጠፋ ነበር።

መጽሔቱ ከእንግሊዝ ውጭ ያሉ መሪዎችንም ያሥል ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1897፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በገጾቹ ላይ ወጥተዋል።

እየቆየ ግን በመጽሔቱ መሣል ራሱ ክብር ሆነ። ታዋቂ ሰዎች ዋርድ ስቱዲዮ ድረስ እየሄዱ ይቀመጡለት ጀመር፤ ሥዕሉም ተለሳልሶ ወደ ተራ የቁም ሥዕል አዘነበለ። ፔሌግሪኒ በ1889 ሞተ፤ መጽሔቱም በ1914 ኅትመቱን አቆመ። ከዋናዎቹ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የቁም ሥዕል ጋለሪ ተቀምጠዋል። የካሪካቸር ተማሪ ከኋለኞቹ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩትን ቢያጠና ይበልጥ ይጠቀማል፤ የተሣለው ሰው ደስ እንዲለው ያልተሠሩ ናቸውና።